የቁም ሐውልት

ሰይፈሥላሴ ልጁን ሰብሌን ለሐውልት ሠሪ እንደማይድር የተናገረው ሽማግሌዎቹ ገና ወንበራቸውን ሳያሞቁ ነው። «የሙት አቧራ ለብሶ ነው ቤቴ የሚገባው?» አለና ሣቀ። ሽማግሌዎቹም ከአክብሮት ይሁን ከእፍረት አብረውት ፈገግ አሉ። ይህን ለሐውልት ሠሪው ለማኑሄ የነገረው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ሲነግረውም መሬት መሬት እያየ ነበር።

ማኑሄ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች መሥሪያ ቦታ አለችው። ድንጋይ የሚቆርጥበት ግራይንደር ሲነሳ እብነ በረዱ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ሰብሌ ያን አቧራ ትወደው ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። ትስቅበት ነበር። «ዛሬም ሸምግለህ መጣህ» ትለውና በር ላይ አቁማ በፎጣ ታራግፈዋለች። አባቷ ቢከለክላትም ክፍለ ከተማ ሄደው ተፈራርመው ተጋቡ፤ ስድስት ዓመትም አብረው ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ሰብሌ ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧን ያማት ስለነበር ሐኪሞች እንዳታረግዝ ከልክለዋታል። ይህን ሕመሟን ከማንም በላይ የሚያውቀው አባቷ ነው። ትንሽ ሳለች አቅፎ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የተንከራተተው እሱ ነበር።

ሰይፈሥላሴ በብረታ ብረት ንግድ የከበረ ሰው ነው። ማዞሪያው አጠገብ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አሠርቶ ያስመረቀ ዕለት ካህኑንም፣ ነጋዴውንም፣ የሰፈሩንም ሰው ጠርቶ ሰብሌንና ባሏን ዘለላቸው።

«ካልጠሩን አንሄድም» አለ ማኑሄ።

ሰብሌ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። «ልጅ ለአባቷ ቤት ምን ጥሪ ያስፈልጋታል? ሕንጻውን አይቼ፣ እማዬን ስሜ እመለሳለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

አልተመለሰችም። የሆነውን ማኑሄ በኋላ ከብዙ ሰው አፍ ሰማው፤ የሁሉም ወሬ አንድ ነበር። ሰይፈሥላሴ ድንኳኑ መሀል ማይክሮፎን ይዞ እንግዶቹን ሲያመሰግን ልጁ ስትገባ አያት። ዝም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን፣ «እነሆ፣ የሐውልት ሠሪው ሚስት መጣች» አለ በማይክሮፎኑ። «የሐውልቴን ልኬት ወስደሽ ነይ ብሎሽ ነው? ንገሪው፣ ሰይፈሥላሴ ገና አይሞትም። ሙት እየጠበቀ ለሚበላ ሰው እኔ ቤት ቦታ የለም።» እንግዳው ሣቀ። እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም የወጥ ጭልፋ እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሰብሌ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች፤ ታክሲ ፌርማታው ጋ ስትደርስ ወደቀች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች።

ቀብሯንም ቀሙት። ሰይፈሥላሴ በሰውና በገንዘብ ቀድሞ ሬሳዋን ከቤተሰቡ መቃብር አሳረፈ፤ ሐውልቷንም ሌላ ቦታ አሠርቶ አቆመ። «ሰብሌ ሰይፈሥላሴ» ይላል፣ ከሥሩም «ወላጅ አባቷ አሠሩላት»። ባል እንደነበራት የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም። የማያውቃቸውን ሰዎች ስም በድንጋይ ላይ ሲጽፍ የኖረው ማኑሄ፣ የገዛ ሚስቱን ስም የሌላ ሰው መሮ ጽፎት አየ። ለእሷ ብሎ የመረጠው ጥቁር ግራናይት፣ ከእጁ ካለፉት ድንጋዮች ሁሉ አቻ የማይገኝለት፣ መሥሪያው ጥግ ሸራ ለብሶ ቀረ።

በቀብሩ አላለቀሰም። በሠልስቱም በአርባውም አላለቀሰም። ሰዉ «ደንግጦ ነው» አለ። ድንጋጤ አልነበረም። ሰይፈሥላሴን በልቡ እንኳ አንቱ ማለት ትቶ ነበር፤ ጠዋት ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣበት የሰብሌ ፊት ሳይሆን ያ ማይክሮፎን የያዘ እጅ ነው።

እንዲህ ሆኖ እየሠራ በስምንተኛው ወር አንድ ጥርብ ድንጋይ ብቻውን ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ። ሁለት ሳምንት ተኛ። ቀና ማለት ሲያቅተው አየር ጤና ወደሚገኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ወሰዱት፤ እዚያም አልፊያ የምትባል ሕንድ አገር የተማረች ወጣት ተቀበለችው። ፈጣን ናት፣ ንግግሯም እጇም። «ዶክተር» ሲላት «ዶክተር አይደለሁም፤ አልፊያ ይበሉኝ ጋሽ ማኑሄ» አለችው። መጀመሪያ በሙቅ ፎጣ፣ ቀጥሎ በእሽት፣ ከወር በኋላ ደግሞ እዚያው ሕንድ በተማረችው ዮጋ ወገቡን ታፍታታው ጀመር።

ሦስት አቋቋም አስተማረችው። በአንደኛው አንድ እግሩን ወደ ፊት አጥፎ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ገጥሞ ያነሳል። በሁለተኛው ክንዶቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በፊተኛው እጁ ጣቶች ላይ አሻግሮ ያያል። በሦስተኛው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሰውነቱ እንደ ተጋደመ እንጨት ወደ ፊት ይወረወራል። ሦስተኛው ሳይንገዳገድ እስኪወጣለት ሌላ ወር ፈጀ። የወጣለት ቀን ላቡን እየጠረገ ጠየቃት።

«ይሄ ነገር ስም አለው?»

«አለው። ሦስቱንም ጦረኛው ነው የሚሏቸው።»

«ከማን ጋር ነው የሚዋጋው?»

አልፊያ ሣቀች። «ሰው ሁሉ ወገቤ መቼ ይድናል ነው የሚለኝ፤ ይህን የጠየቁኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እርስዎ ክርስቲያን፤ የሕንዶቹን አምላክ አናመልክም። ግን ያስተማሩኝ አሮጊት ‹ታሪኩን ሳትነግሪ እንቅስቃሴውን አታስተምሪ› ብለውኛል። ሺቫ የሚሉት አምላክ አላቸው። መቃብር ቦታ ነው አሉ የሚውለው፤ የሙታን አመድ ይቀባል፣ ጸጉሩም አይበጠርም። ሳቲ የምትባል የትልቅ ሰው ልጅ ወደደችውና አባቷ እንቢ እያለ አገባችው።»

ማኑሄ ላቡን መጥረግ አቆመ።

«አባቷ ትልቅ ድግስ ደገሰ» አለች አልፊያ። «ሁሉን ጠርቶ እነሱን ተዋቸው። እሷ ግን የአባቴ ቤት ነው ብላ ሄደች። አባቷ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ባሏን ሰደበባት። ስድቡን መሸከም አልቻለችም፤ እዚያው ድግሱ ላይ ሞተች።»

«ባልየው ምን አደረገ?»

«ከጸጉሩ ነጭቶ መሬት ላይ ጣለው፤ ከዚያ ጸጉር ጦረኛው ተነሣ። አንደኛው አቋቋም ከመሬት ሥር ሰንጥቆ ሲወጣ ነው፣ ሰይፉን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ። ሁለተኛው በሕዝቡ መሀል ጠላቱን ለይቶ ሲያየው ነው። ዓይንዎን ከጣትዎ ጫፍ አይንቀሉ የምልዎ ለዚህ ነው። ሦስተኛው ሲመታ ነው።»

«መታው?»

«አንገቱን ቆረጠው። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበ...»

«በቃ» አለ ማኑሄ። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። አልፊያ ምን እንዳስቀየመችው ስታስብ ዋለች። በማግሥቱ ደወለችለት፤ አላነሣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኑሄ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮውን በር ዘግቶ ሦስቱን አቋቋም በተራ ይሠራል። እጁን ከራሱ በላይ ሲያነሳ ከተቀበረበት የወጣ ይመስለዋል። ክንዱን ዘርግቶ ሲያይ በጣቱ ጫፍ ላይ የሚያየው ሰይፈሥላሴን ነው፤ ወፍራም አንገቱን፣ የወርቅ ጥርሱን፣ ማይክሮፎኑን። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እግሩ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ሸራውን ገልጦ ጥቁሩ ግራናይት ላይ መሮውን ያሳርፋል። ሰይፍ የለውም፣ አይፈልግምም። ሰውን የሚቀብር እጅ አለው።

የሰብሌ ሙት ዓመት ቅዳሜ ዋለ። ሰይፈሥላሴ በዚያው ሕንጻ በር ላይ ድንኳን አስተክሎ፣ ቤተ ሰቡን ይዞ ለፍታት ወደ ደብሩ ሄደ። ማኑሄ በዚያች ሰዓት አንድ አይሱዙና አምስት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ። ዘበኛው ማኑሄን አያውቀውም።

«ጋሼ ያዘዙት ነው?» አለ በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ድንጋይ እያየ።

«አዎ፣ የእሳቸው ነው።»

ከውጭው በር ጎን፣ የሚገባ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ቆፍረው፣ ሲሚንቶ አቡክተው አቆሙት። ማኑሄ ማዳበሪያውን ቀድዶ ጣለ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገ፤ ሠራተኞቹን አሰናብቶ መንገዱን ተሻግሮ ቆመ።

ሰዉ ከደብሩ በቡድን በቡድን መጣ። ፊት የነበሩት እንደ ማንኛውም ሐውልት ቀረብ ብለው ማንበብ ጀመሩና ቆሙ፤ ከኋላ የመጣው ተጠጋጋ። በደንብ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል።

«ሰይፈሥላሴ። ልጁን ሰብሌን በድግሱ መሀል በቃሉ ገደላት። ሥጋው ገና ይሄዳል፤ ስሙ እዚህ ተቀበረ።»

ሰይፈሥላሴ ሰዉን እየከፈለ መጣ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበው፤ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ማኑሄ ከመንገዱ ማዶ አንገቱን አየው፤ ደም ስሩ ሲነሣ፣ ሲመለስ። ሰይፈሥላሴ ወደ እንግዶቹ ዞረና፣ «ግቡ እንጂ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለ። ማንም አልገባም። አንዱ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን እየዳበሰ ራቀ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ። ከዓመት በፊት በዚያው በር ገብተው በልተው፣ በሰብሌ ላይ የሣቁት ናቸው፤ ማኑሄ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ባዶ ወንበር ብቻ ሆነ። ሰይፈሥላሴ ከማዞሪያው የጉልበት ሠራተኞች ጠርቶ ድንጋዩን እንዲነቅሉ አዘዘ። አይተው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። «የቁም ሰው ሐውልት አንነካም ጋሼ፤ ዕድሜ ያሳጥራል» አሉት።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከሁሉም በኋላ ደረሱ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲራመዱ ዝግ ይላሉ። ድንጋዩን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ቀና ሲሉ ደግሞ ማኑሄን ከመንገዱ ማዶ አዩት። በእጃቸው ጠሩት። ሊሄድ አልፈለገም፤ ሄደ።

«ማንበብ አልችልም። አንተ ነህ የጻፍከው፣ አንብብልኝ» አሉት።

ይህን አላሰበውም ነበር። የሰብሌን እናት ዓይን ዓይን እያየ፣ ሰይፈሥላሴ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ሳለ፣ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብሎ አነበበ። «ገደላት» የሚለው ላይ ድምፁ አልተሰበረም።

አስካለማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «የእኔ ስም የታለ?» አሉት።

«የእርስዎ?»

«ያን ዕለት ከጎኑ ነበርኩ። ጭልፋ ይዤ። ልጄ ፊቴን አይታ ነው የወጣችው፤ አፌን አልከፈትኩም። ለምን እኔን ተውከኝ?»

አስካለማርያም ወደ ቤት አልገቡም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በዚያችው ዝግ ባለች አካሄዳቸው፣ አስኮ ወዳለችው እኅታቸው ቤት ሄዱ።

በቀል መራራ ነው የሚል ሰው አልቀመሰውም። ማኑሄን ለሳምንት ያህል ጣፈጠው። ያነበቡት ፎቶ አንሥተው ስልክ ለስልክ ተላላኩት፤ ሰይፈሥላሴ መደብሩን መክፈት አቆመ፣ ደብር መሄዱንም ተወ። ማኑሄም ወሬውን የሚያመጡለትን ሁሉ ደጋግሞ ያስወራቸዋል፤ የሰውየው ከንፈር እንዴት እንደተንቀሳቀሰ፣ «ግቡ እንጂ» ሲል ድምፁ እንዴት እንደነበር። እህል በላ፣ እንቅልፍም ተኛ። ድንጋዩን ሲያወርዱ አጉል ስለያዘው ወገቡ ብቻ እንደገና ተነሣበትና ወደ አየር ጤና ተመለሰ።

አልፊያ የድንጋዩን ወሬ ሰምታለች። ጀርባውን እያሸች ጀመረች።

«ጋሽ ማኑሄ፣ እርስዎ ግማሹን ታሪክ ይዘው ነው የሄዱት።»

«አንገቱን ቆረጠው አላልሽም?»

«ቆረጠው። ከዚያ ግን የልጅቷ እናት መጥታ ለመነች። ሺቫም ደሙን ሲያይ ቁጣው ጥሎት ሄደ። ሰውየውን አስነሣው፤ የተቆረጠው ራሱ ስለጠፋ የፍየል ራስ አደረገለት። መምህሬ ሲያስረዱኝ ራስ ማለት ‹እኔ› የሚለው ኩራት ነው አሉኝ። ጦረኛው የመጣው ያንን ሊቆርጥ ነው፤ ለዚህ ነው ሰውየው የኖረው። ያየው ሁሉ ምን እንዳደረገ እያወቀ፣ የፍየል ራስ ተሸክሞ ኖረ።»

«የእኔው ሰውዬ የፍየልም አይገባውም» አለ ማኑሄ በደረቱ እንደተኛ።

«ይሆናል።»

«ብታስጨርሺኝም አደርገው ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ባልየውስ?» አላት።

«ቁጣው ሲወጣለት ሚስቱ እንደሞተች ገባው። ሬሳዋን ትከሻው ላይ አድርጎ አገር ላገር እያለቀሰ ዞረ። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰላትም ነበር።»

ማኑሄ ፊቱን አልጋው ላይ ደፍቶ ቀረ። አልፊያም እጇን አላነሣችም።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አስካለማርያም መሥሪያ ቦታው መጡ። ወንበር ሲያቀርብላቸው ያልተጠረበ እብነ በረድ ላይ ተቀመጡ፤ አቧራው ቀሚሳቸውን ነጭ አደረገው፣ አላራገፉትም።

«ሁለት ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁ» አሉ። «የልጄን ሐውልት አንተ ሥራልኝ። የእኔም የአንተም ስም ይኑርበት፤ ያኛውን አስነሣለሁ፣ እናቷ ነኝ።»

«እሺ እማዬ።»

«ሁለተኛው፣ ያንን ድንጋይ ከበራችን ላይ አንሣው።»

«እሱን አይለምኑኝ።»

«ለእሱ ብዬ አይደለም» አሉ። «ለእሱም ነው፣ አልዋሽህም። ባሌ ነው። ምሳ የሚያቀርብለት የለም፤ ደጅ ወጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ይቀመጣል አሉኝ። ያለፈው ሁሉ ያነበዋል፣ እሱም ሰው ሲያነበው ያያል። ልጄንም እንዲህ ነው ያደረጋት፣ በሰው ፊት። ጨርሰሃል። አሁን ለእሷ ሥራ።» ዙሪያውን ቃኙ። «ለእሷ ያስቀመጥኩት ድንጋይ አለ ብለኸኝ አልነበር፣ በቀብሯ ሰሞን? የቱ ነው?»

ማኑሄ ወደ ጥጉ አየ። ሸራው ተጣጥፎ ብቻውን ተቀምጧል። የእሷ ድንጋይ የት እንዳለ የገባው ያኔ ነው። ከተራራ የወረደ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለበት ጥቁር ግራናይት፤ ለሰብሌ መርጦት የሰይፈሥላሴን ስም ጻፈበት።

«የለም» አላቸው።

የሰብሌን ሐውልት ሌላ ሰው ግንብ ከሠራበት በተረፈ ቢጫማ የአምቦ ድንጋይ ሠራው። ስሟን ከጻፈ በኋላ «ባለቤቷ» ብሎ ሊቀጥል መሮውን አስቀምጦ አንድ ጊዜ መታ፣ ሁለተኛውን መምታት አልቻለም። ከየት እንደመጣ ሳያውቀው እንባው አቧራውን ጭቃ አደረገው። መዶሻውን ጥሎ ድንጋዩን እንደ ሰው አቀፈው። ከጎን ያሉት ባለጋራዦች ድምፁን ሰምተው መጡና የቆርቆሮውን በር ሳይከፍቱ ውጭ ቆመው ጠበቁት። እስኪወጣለት ረጅም ጊዜ ቆየ።

ሐውልቷ ከቆመ በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት አምስቱን ሠራተኞች ይዞ ወደ ማዞሪያው ሄደ። ሰይፈሥላሴ እንደተባለው ደጅ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል።

«ልትወስደው ነው?» አለ።

«አልወስደውም።»

«ልትፍቀው ነው?»

«እውነት አይፋቅም። በርህ ላይ ፊቱን ወደ መሬት አድርጌ አስተኛዋለሁ። በወይዘሮ አስካለማርያም ልመና ነው፣ ለአንተ ብዬ አይደለም።»

ሠራተኞቹ ሲሚንቶውን መስበር ጀመሩ። ሰይፈሥላሴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያቸው። «ትንሽ ሳለች ሌሊትና ቀን በእነዚህ እጆች ተሸክሜያታለሁ» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ልቧ ሲመታ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ማኑሄ። «ይቅር ያላልኩህ ለዚህ ነው። ባታውቅ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር።»

ድንጋዩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መግቢያው ላይ ተጋደመ፤ ጀርባው ልሙጥ ነው፣ የማያውቅ ሰው ቢያየው መረገጫ ብቻ ነው የሚመስለው። የማያውቅ ሰው ግን በዚያ ሰፈር የለም። አስካለማርያም በወሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሲገቡም ሲወጡም በዘገምታ ይረግጡታል። ሰይፈሥላሴ ረግጦት ሲገባ ያየ ሰው የለም። መቃኑን ይዞ፣ እግሩን አንሥቶ ይሻገረዋል፤ ጉልበቱ እንቢ ሲለው ደግሞ ዞሮ በመደብሩ በኩል ይገባል።

ማኑሄ ሥራውን ቀጥሏል። አልፊያ ጋም በሳምንት አንድ ቀን ይሄዳል፤ ሦስቱንም አቋቋም ይሠራል፣ ስለ ጦረኛው ግን ደግመው አላወሩም። አንድ የሰፈር ሰው የአባቱን ሐውልት ሊያዝዝ መጥቶ፣ «ተው እንጂ፣ ሰይፈሥላሴ ሸምግሏል፤ ያደረግከው አይጸጽትህም?» ብሎ ጠየቀው።

ማኑሄ ግራይንደሩን አጠፋና አሰበ። «ድንጋዩ ይቆጨኛል» አለ። «የእሷ ነበር።»